ለጎማ ናይትሮጅን መክፈል ያዋጣል ወይስ ንፋስ በዋጋ መግዛት ነው?

የቪትዙ ባለቤት

ሰላም ለሁላችሁም። የምነዳው ቪትዝ ነው፣ ጎማው 165/70 አር 14፣ የሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 220 ኪሎፓስካል (32 ፒኤስአይ) ይላል። አራቱንም ጎማ ልቀይር ዋጋ ስጠይቅ ከባላንስና ከአላይመንት ሥር «ናይትሮጅን» የሚል ሌላ ሒሳብ ተጨምሯል። ሻጩ አምስት ነገር ቆጠረልኝ፦ ንፋሱ አይቀንስም፣ በሙቀት አይሰፋም፣ ቸርኬ አያዝግም፣ ጎማ አይፈነዳም፣ ነዳጅ ይቆጥባል። ከአምስቱ የትኛው ልክ ነው? አብዛኛውን ጊዜ የምነዳው አዲስ አበባ ውስጥ ነው፣ አንዳንዴ አዳማና አዋሽ እወርዳለሁ። «ጥሩ ነው» ወይም «ሌብነት ነው» ብቻ ሳይሆን በቁጥር የሚያስረዳኝ ካለ ደስ ይለኛል።

ልክ በልኩ

ከመጀመሪያው ልጀምር፣ ግማሽ እውነት ያለበትም እሱ ነው።

ጎማ ሳይበሳም ንፋስ ይቀንሳል። ውስጡ የተለበጠበት ቡቲል ላስቲክ ንፋስ ቢይዝም ጨርሶ አይዘጋም፤ ጋዙ ላስቲኩ ውስጥ እየሟሟ ዘልቆ በውጭ በኩል ይወጣል። ኦክስጅን በዚህ መንገድ የሚያልፈው ናይትሮጅን ከሚያልፍበት ከ3 እስከ 4 እጥፍ በሚሆን ፍጥነት ነው። ሻጮች «የናይትሮጅን ሞለኪውል ትልቅ ስለሆነ ነው» ይላሉ። ይበልጣል፣ ግን 3.64 አንግስትሮም (የሞለኪውል ስፋት የሚለካበት እጅግ ትንሽ መለኪያ) ከ3.46 ጋር ነው የምናወዳድረው። ሌላው ምክንያት ኦክስጅን ላስቲክ ውስጥ ይበልጥ በቀላሉ የሚሟሟ መሆኑ ነው።

በተግባር ስንት ይሆናል? ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ ሸማቾች መጽሔት በ2007 ባወጣው ሙከራ ከ31 ዓይነት ጎማ አንዱን በአየር፣ አንዱን በናይትሮጅን 30 ፒኤስአይ ሞልቶ ዓመት ሙሉ ደጅ አቆማቸው። በአየር የተሞሉት በአማካይ 3.5 ፒኤስአይ አጡ፣ በናይትሮጅን የተሞሉት 2.2። በአንድ ዓመት ልዩነቱ 1.3 ፒኤስአይ ነው። «አይቀንስም» ያለህ ተሳስቷል፤ «ቀስ ብሎ ይቀንሳል» ቢልህ አልከራከረውም። ርካሽ ጌጅ (የንፋስ መለኪያ) እኮ ራሱ 1 ወይም 2 ፒኤስአይ ይሳሳታል።

አራዳው

የምንተነፍሰው አየር 78 ከመቶው ናይትሮጅን ነው። መንገድ ዳር ያለው ጎሚስታ ድሮም ናይትሮጅን እየሞላልህ ነበር፣ ስሙን ስላልጠራው ሒሳብ አልጨመረብህም 😂

ጎማ ቤት

ቀልዱ ጥሩ ነው፣ ግን እኛ ማሽኑን ገዝተን የምንሠራበት ሰዎችም የምንለው አለ።

የጎሚስታው ኮምፕሬሰር አየሩን ሲጨምቅ ውሃውንም አብሮ ነው የሚጨምቀው። ውሃው ታንኩ ሥር ይጠራቀማል፤ ከሥር ያለችው ማውጫ በየቀኑ ካልተከፈተች በቱቦው አልፎ ጎማ ውስጥ ይገባል። ክረምት ላይ ጎማ ስናወልቅ ከውስጡ ውሃ ሲፈስ የምናየው ለዚህ ነው። የናይትሮጅን ማሽን ደግሞ አየሩን መጀመሪያ በውሃና በዘይት ማጣሪያ፣ ቀጥሎ በከሰል ማጣሪያ ያሳልፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ኦክስጅኑ የሚለየው። የሚወጣው ደረቅ ነው። ደንበኛው ሳያውቀው የሚከፍለው ለዚህ ድርቀት ነው ብል አላጋነንኩም።

ሌላው፣ በደንብ የሚሠራ ቤት ዝም ብሎ አይሞላም። ያለውን አየር አራግፎ ይሞላል፣ እንደገና አራግፎ ይሞላል፣ በመጨረሻ ጋዙን በመለኪያ አይቶ ውጤቱን ለደንበኛው ያሳያል። አራት ጎማ እንዲህ ሲሠራ ጊዜም መብራትም ይበላል። ዋጋው ከዚያ ነው የሚመጣው።

ልክ በልኩ

ስለ ውሃው ያልከው ልክ ነው፣ እንዲያውም ከናይትሮጅን ክርክር ሁሉ ዋናው ነገር እሱ ነው። ቁጥሩን ላስቀምጥ።

ደረቅ ጋዝ፣ አየርም ይሁን ናይትሮጅን፣ ሲሞቅ የሚሰፋው እኩል ነው። አዲስ አበባ ላይ የውጭው አየር ግፊት 11 ፒኤስአይ ያህል ነው፤ ጌጁ 32 ሲያሳይ በጎማው ውስጥ ያለው ጠቅላላ ግፊት 43 ነው። ጎማው ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ሲግል 43 ወደ 48.9 ይወጣል፣ ጌጁ 38 አካባቢ ያሳያል። 6 ፒኤስአይ ጨመረ። ናይትሮጅን ብትሞላ? 6። «በሙቀት አይሰፋም» የሚለውን ከደረሰኙ ላይ ሰርዘው።

ውስጡ ውሃ ካለ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ውሃው ሲግል ይተናል፤ በ60 ዲግሪ የእንፋሎቱ ግፊት ብቻውን 2.9 ፒኤስአይ ይደርሳል፣ በ20 ዲግሪ 0.3 ብቻ ነበር። ስለዚህ ከ6 በላይ ሌላ 2.5 ይጨመራል። የቪትዝን ጎማ ለዚህ ለማድረስ 3 ግራም ውሃ ይበቃል፣ ከሻይ ማንኪያ ያነሰ። እሽቅድምድም ላይ ደረቅ ጋዝ የሚፈለገው ለዚህ ነው፣ እዚያ ግማሽ ፒኤስአይም የመኪናውን አያያዝ ይቀይራል። ለከተማ ቪትዝ አይቀይርም።

ታዲያ ማድረቂያ ያለው ኮምፕሬሰር ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ደረቅ አየር እየሞላ በነፃ የሚሰጥህ ጎሚስታ ካገኘህ ያዘው።

የቪትዙ ባለቤት

አመሰግናለሁ። «አራግፎ መሙላት» የተባለውን ግን ልረዳው። ሻጩ አሁን ያሉትም ጎማዎች ላይ ሊጨምርልኝ ይችላል ብሎኛል፣ ሳያወልቅ፣ ከላይ ብቻ።

ልክ በልኩ

ከላይ መጨመር ገንዘብ መጣል ነው። እንቁጠረው፣ ማሽኑ የሚያወጣው 95 ከመቶ ንጹሕ ናይትሮጅን ነው ብለን።

ጎማው 28 ፒኤስአይ ተራ አየር አለው፣ 4 ፒኤስአይ ናይትሮጅን ጨመርክ። በፊት 21 ከመቶ የነበረው ኦክስጅን 19.5 ሆነ። ምንም አላደረግክም።

ጌጁ ዜሮ እስኪል አራግፈህ 32 ሞላህ። ጌጅ ዜሮ ሲል ጎማው ባዶ አይደለም፣ ከውጭው ጋር እኩል የሆነ 11 ፒኤስአይ አየር ይቀራል። ኦክስጅኑ 9 ከመቶ ይሆናል።

ሁለተኛ አራግፈህ ሞላህ፦ 6 ከመቶ። ሦስተኛው ዙር የሚለውጠው ጥቂት ነው፣ ማሽኑ ራሱ 5 ከመቶ ኦክስጅን ስለሚያወጣ ከዚያ በታች አትወርድም።

ስለዚህ መክፈልህ ካልቀረ ሁለት ዙር መሆኑን ቆመህ እይ፣ መለኪያውን አስነብብ። ስታራግፍ መኪናው ክሪክ ላይ ይሁን፤ ጎማው መሬት እንደነካ ዜሮ ካደረግከው ጠርዙ ከቸርኬው ሊላቀቅ ይችላል፣ ጎኑም ይጨፈለቃል።

አራዳው

እና በኋላ መንገድ ላይ ንፋስ ቢያንሰኝ ተራ አየር መጨመር አይቻልም? «ከተደባለቀ ጎማው ይበላሻል» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ጎማ ቤት

ኧረ አይበላሽም። ያን የሚሉ ሰዎች ደንበኛው እንዲመለስላቸው ነው። 28 የደረሰ የናይትሮጅን ጎማ ላይ 4 ፒኤስአይ ተራ አየር ብትጨምር ኦክስጅኑ ከ6 ወደ 7.4 ከመቶ ከፍ ይላል፣ ሌላ ምንም የለም። ናይትሮጅን መሞላቱን የሚያሳየውን አረንጓዴ የቫልቭ ቆብ አይቶ ንፋስ አልሞላም ብሎ በ22 ፒኤስአይ ሞጆ ድረስ የሚነዳ ሰው ነው ጎማ የሚያበላሸው።

ደረቅ ጭነት

የከባድ መኪና ነገር ሌላ ነው፣ እሱን ላንሳ።

የጭነት ጎማ በ110 ፒኤስአይ አካባቢ ነው የሚሞላው። እዚያ ውስጥ ኦክስጅኑ ላስቲኩን የሚጫንበት ግፊት ከውጭው አየር ከ8 እጥፍ በላይ ነው። ኦክስጅን ላስቲክን ያደርቃል፣ በላስቲኩና በሽቦው መካከል ያለውን ትስስር ያዳክማል። የአሜሪካው የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ጎማን በፍጥነት ለማስረጀት ሲመራመር ምድጃ ውስጥ የሚያስገባውን ጎማ ግማሽ በግማሽ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ይሞላው ነበር፤ ኦክስጅን ሲበዛ ጎማ ቶሎ ስለሚያረጅ ነው።

ይህ ለማን ይጠቅማል? ጎማውን ጥርሱ ሲያልቅ አስለብጦ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ለሚጠቀም ድርጅት። እዚያ ዋጋ ያለው አካሉ ነው፣ አካሉ ዓመታት እንዲቆይ ይፈለጋል። ለቤት መኪና ጥርሱ ቀድሞ ያልቃል ወይም ፀሐይ ከውጭ ይሰነጣጥቀዋል፤ ከውስጥ ናይትሮጅን መሙላት ከውጭ ያለውን ኦክስጅንና ፀሐይ አይከለክልም።

ካላማዳሪ ያለው ጎማ ላይ ደግሞ ናይትሮጅን አታስሞሉ። በካላማዳሪውና በጎማው መካከል ሁልጊዜ አየር አለ፣ የጎማው አካል የሚነካው እሱን ነው።

ስለ መፈንዳት፦ ጭነት መኪና ላይ ጎማ የሚፈነዳው ውስጡ ባለው የጋዝ ዓይነት አይደለም። ንፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ በየዙሩ ይታጠፋል፣ ይግላል፣ ሽቦው ይደክማል፣ ይቀደዳል። መንታ ጎማ ላይ ደግሞ አንዱ ሲያንስ ጓደኛው የእሱን ጭነት ይሸከማል፣ ሁለቱም ይሄዳሉ። በመንታዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ5 ፒኤስአይ አይብለጥ። ከሚገባው 80 ከመቶ በታች ወርዶ የተነዳ ጎማ (110 ከሆነ ከ88 በታች) እንደ ተነፈሰ ነው የሚቆጠረው፤ አውልቆ ውስጡን ሳያዩ መልሶ መንፋት አይገባም። የጎኑ ሽቦ ተበጣጥሶ ከሆነ እየተነፋ እያለ ነው የሚፈነዳው፣ ሰው የሚሞትበትም እንዲህ ነው። በብረት ፍርግርግ ውስጥ ይነፋ፣ ቱቦው ረጅም ይሁን፣ ሰው ከጎማው ጎን ፊት ለፊት አይቁም።

ብየዳ

ጋሼ ደረቅ ጭነት ያነሱት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዚህ ውይይት ሰው አንድ ነገር ብቻ ይዞ ቢሄድ ይህን ይያዝ።

ናይትሮጅን በሲሊንደር የሚሞሉ ቤቶች አሉ፣ ማሽን ሳይኖራቸው። ሙሉ ሲሊንደር ከ150 እስከ 200 ባር ነው፣ ማለትም ከ2,000 ፒኤስአይ በላይ። ሬጉሌተር (ግፊት መቀነሻ) ሳይኖር በቀጥታ ቱቦ አገናኝቶ ጎማ መሙላት ቦምብ መሥራት ነው። ሬጉሌተሩ ተዘግቶ ይጀመር፣ ሲሊንደሩ ቀስ ብሎ ይከፈት፣ ከዚያ ሬጉሌተሩ ከምትፈልገው ግፊት ትንሽ ከፍ ብሎ ይስተካከል።

ከዚያ የሚብሰው፦ የብየዳ ኦክስጅን ሲሊንደር አጠገቡ ስላለ ብቻ በእሱ ጎማ የሚነፋ ሰው አለ። ፈጽሞ አይደረግም! በግፊት ያለ ኦክስጅን ቅባትና ላስቲክ ሲያገኝ ትንሽ ሙቀት ይበቃዋል። ሲሊንደሩ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አታስነፉ።

ጎማው ላይ እያለ ቸርኬ መበየድም እንደዚያው ነው። ሙቀቱ ጎማውን ከውስጥ ያቃጥለዋል፣ የሚወጣው ጋዝ ከአየሩ ጋር ተደባልቆ ይፈነዳል፣ ከተበየደ ደቂቃዎች በኋላም ቢሆን። «ናይትሮጅን ስለሆነ አይቀጣጠልም» ብሎ የሚበይድ ካለ፣ ባይቀጣጠልም ግፊቱ ብቻውን ይበቃዋል። ጎማው ይውለቅ።

ልክ በልኩ

እግረ መንገዴን፣ «አውሮፕላን የሚጠቀመው ናይትሮጅን ነው» የሚለው ማስታወቂያ ከዚህ ነው የመጣው። መጋቢት 31 ቀን 1986 በፈረንጆቹ የሜክሲካና ቦይንግ 727 ከሜክሲኮ ሲቲ ተነሥቶ ተራራ ላይ ተከሰከሰ፣ 167 ሰው ሞተ። በአየር የተሞላ ጎማ ከጋለ ፍሬን ሙቀት ወስዶ በበረራ ላይ ፈነዳ፣ የነዳጅና የሃይድሮሊክ መስመሮችን ቆረጠ። ዛሬ በአሜሪካ ደንብ ከ75,000 ፓውንድ ወይም 34 ቶን ገደማ በላይ የሆነ አውሮፕላን ፍሬን ያለው ጎማው ውስጥ ኦክስጅን ከ5 ከመቶ መብለጥ የለበትም። ቦሌ የሚያርፉት ቦይንጎች ሁሉ እዚህ ውስጥ ናቸው። ጎማቸው 200 ፒኤስአይ አካባቢ ነው፣ ፍሬናቸው በመቶዎች ዲግሪ ይግላል፣ ከዚያ ወደ ላይ ወጥተው ከዜሮ በታች 50 ይቀዘቅዛሉ። የቪትዝ ፍሬን እዚያ አይደርስም።

የቪትዙ ባለቤት

ገባኝ። አዋሽ ስወርድስ? ሙቀቱም አለ፣ ከፍታውም ይለያል። ከመውረዴ በፊት ንፋስ መቀነስ አለብኝ?

ደጋና ቆላ

አትቀንስ። እዚህ አገር ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፦ ጌጅ የሚለካው ውስጡ ከውጭው ያለውን ልዩነት ነው። ስትወርድ የውጭው አየር ይከብዳል፣ ጌጁ ያንስብሃል፤ ሙቀቱ ደግሞ ያበዛዋል። ሁለቱ ይቻቻላሉ።

አዲስ አበባ ጠዋት በ15 ዲግሪ 32 ሞላህ። አዳማ (የውጭ ግፊት 12 ፒኤስአይ ያህል) 25 ዲግሪ ቢሆን፣ መኪናው ቆሞ ቀዝቅዞ ስትለካው 32.5 ታገኛለህ። አዋሽ ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ገደማ ነው፣ የውጭ ግፊቱ 13 ያህል፤ በ35 ዲግሪ 33 ይሆናል። ጅቡቲ ወደብ ድረስ ብትወርድ 14.7 ነው፣ በ35 ዲግሪ 31.3። ይኸው ነው ልዩነቱ። በናይትሮጅንም ሒሳቡ አይቀየርም።

የሚያሳስተው መንገድ ላይ መለካት ነው። ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ወርደህ አዳማ መግቢያ ላይ ብትለካ ጎማው ግሏል፣ 37 ወይም 38 ይልሃል፤ ደንግጠህ ብታስተነፍስ ማታ ሲቀዘቅዝ 26 ላይ ነህ። በሩ ላይ የተጻፈው ልክ ለቀዝቃዛ ጎማ ነው፦ ቢያንስ 3 ሰዓት የቆመ፣ ወይም ከ2 ኪሎሜትር በላይ ያልተነዳ።

220 ኪሎፓስካል 32 ፒኤስአይ ነው። ከጃፓን የመጡት ላይ 2.2 ብቻ የተጻፈ ካየህ ኪሎግራም በስኩዌር ሴንቲሜትር ነው፣ 31 ፒኤስአይ ነው። የጎማው ጎን ላይ ያለው ትልቁ ቁጥር ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው፣ በእሱ የሚሞላ ጎሚስታ ካጋጠመህ አስቁመው።

ሻርጃ

እዚህ ገልፍ አብዛኛው ማደያ ናይትሮጅን አለው፣ በጋ ላይ ደግሞ «ለሙቀቱ ግድ ነው» ይላሉ። ሐምሌ ላይ ጥላ ሥር ራሱ 45 ዲግሪ ነው። እዚህስ?

ደጋና ቆላ

ሙቀት ጎማን የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው፦ ላስቲኩን ያስረጀዋል፣ ንፋስ ካነሰው ደግሞ የጎን መታጠፉ ሌላ ሙቀት ይጨምርበታል። ሁለተኛውን የምታድነው ንፋሱን በልኩ በመያዝ ነው። በጋ ነው ብሎ 4 ፒኤስአይ የሚቀንስ ሰው ጎማውን ለሙቀት አሳልፎ ሰጠው። አንተ ጋ ጠዋት ማለዳ ፀሐይ ሳይመታው ለካ፣ በወር ሁለቴ። ማደያው ነፃ ወይም በጥቂት ድርሃም ከሞላልህ ናይትሮጅኑን ውሰድ፣ ደረቅ ስለሆነ አይጎዳህም። እዚያ አገር ይበልጥ የምትጠነቀቀው የጎማውን ዕድሜ ነው። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች ሳምንቱና ዓመቱ ናቸው፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

ቨርጂኒያ

አሜሪካ ያላችሁ፦ አዲስ መኪና ስትገዙ ዋጋው ሥር ከመስታወት ቅብ ጋር የምትጨመረውን የናይትሮጅን ሒሳብ አስወጡ። መቶ ዶላሮች ሲጠየቅባት ይታያል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2023 መጨረሻ ባወጣው የመኪና ሻጮች ደንብ ላይ ለገዢው ጥቅም ለሌለው ጭማሪ ምሳሌ ያደረገው ከተራ አየር የበለጠ ናይትሮጅን የሌለበትን «የናይትሮጅን ጎማ» ነበር። ደንቡ በጥር 2025 በይግባኝ ፍርድ ቤት ስለ አወጣጡ ሥርዓት ተሻረ፣ ስለዚህ አሁን የምትከላከሉት ራሳችሁ ናችሁ። ኮስትኮ የተባለው ትልቅ መደብር ግን ጎማ ከእሱ ስትገዙ ናይትሮጅኑ ከማስገጠሚያው ጋር ነው፣ ለብቻ አይከፈልበትም።

ሌላው ክረምት ላይ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ሲበራ «ናይትሮጅን ቢሆን አይበራም ነበር» የሚለው ነው። ከመስከረም 2007 ጀምሮ የሚሸጡ ቀላል መኪኖች ሁሉ ግፊት ጠቋሚ አላቸው፣ ከሚገባው 25 ከመቶ ሲያንስ ያበራል፤ 32 ከሆነ 24 ላይ። በ20 ዲግሪ 32 የሞላኸው ከዜሮ በታች 10 ሲሆን 27 ይሆናል። አስቀድሞ 29 የነበረው ግን 24.5 ይደርሳል፣ መብራቱ አፋፍ ላይ ነው። በናይትሮጅንም ያው ነው። ኅዳር ላይ ብርዱ እንደገባ መለካት ነው መድኃኒቱ።

ልክ በልኩ

የነዳጁ ይቀራል፣ እሱ አጭር ነው። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት ስሌት የአራቱ ጎማ አማካይ 1 ፒኤስአይ ሲወርድ የነዳጅ ፍጆታው በ0.2 ከመቶ ይጎዳል የሚል ነው። ዓመቱን ሙሉ አንዴም ጎማህን አልለካህም እንበል። በናይትሮጅንና በአየር መካከል ያለው ልዩነት ከዜሮ ተነሥቶ 1.3 ላይ ይደርሳል፣ የዓመቱ አማካይ 0.65። በዓመት 15,000 ኪሎሜትር ብትነዳ፣ በ100 ኪሎሜትር 8 ሊትር ብትበላ፣ 1,200 ሊትር ነው። የናይትሮጅኑ ትርፍ 1.6 ሊትር ቤንዚን ይሆናል።

የጠየቁህን ብር በዛሬው የማደያ ዋጋ አካፍለው። ከ2 ሊትር በላይ ከመጣ ከስረሃል። በወር አንዴ የምትለካ ከሆነ ደግሞ ትርፉ ዜሮ ነው።

ጎማ ቤት

ቁጥሩን አልቃወምም። ግን ወንድሜ፣ ከመቶ ደንበኛ ስንቱ ነው በወር አንዴ የሚለካው? ናይትሮጅን የሞላ ሰው ቢያንስ ልናየው ይመለሳል፣ ያኔ ጎማው ይለካል፣ ሚስማርም ካለ ይታያል።

አራዳው

እሱን ያለ ናይትሮጅንም ልታዩለት ትችላላችሁ እኮ።

ጎማ ቤት

እናያለን፣ ግን አይመጣም።

ደረቅ ጭነት

ቪትዙ ላይ የዝገቱን ማንም አልመለሰለትም። ብረት ቸርኬ ከውስጥ የሚዝገው ውሃ ሲኖር ነው፤ ደረቅ አየር ይበቃል። አልሙኒየም የሆነው ደግሞ የሚጎዳው ጎማው በሚገጥምበት ጠርዝ ላይ ነው፣ ከውጭ በሚገባ ውሃና ጭቃ። እዚያ ናይትሮጅን አይደርስም።

ንፋስ በወር ከ2 ፒኤስአይ በላይ የሚቀንስ ጎማ ካለህ ጋዝ አትቀይር፣ ቀዳዳውን ፈልግ። ፈሳሽ ሳሙና በውሃ በጥብጠህ መጀመሪያ ቫልቩ አፍ ላይ ጠብ አድርግ። አረፋ ከነፋ ውስጡ ያለችው መርፌ ላልታለች ወይም አሸዋ ይዛለች፤ በመፍቻዋ ትንሽ አጥብቃት፣ ካልሆነ ቀይራት፣ ዋጋዋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቀጥሎ የቫልቩን እግር ወደ ጎን እያጠፍክ ሥሩን እይ፣ ላስቲኩ ተሰንጥቆ ከሆነ ጎማው ወልቆ ቫልቩ ይቀየራል። አዲስ ጎማ ስትገጥም ቫልቩም አብሮ ይቀየር፣ ብዙ ቤት ይህን ይዘላል። ከዚያ የጎማውን ፊት በሙሉ ቀባና እያሽከረከርክ እይ። በመጨረሻ ጠርዙን ዙሪያውን፣ በሁለቱም ወገን። ከጠርዙ ከወጣ ጎማው ይወልቃል፣ ቸርኬው በሽቦ ብሩሽ ዝገቱ እስኪለቅ ይፈገፈጋል፣ ማሸጊያ ተቀብቶ ይገጠማል። ቸርኬው ጉድጓድ መትቶት የተጣመመ ከሆነ ግን ማሸጊያው አይይዘውም።

የቪትዙ ባለቤት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ናይትሮጅኑን አስወጥቼ አራት አዲስ ቫልቭ አስገባለሁ፣ በቀረው ጌጅ እገዛለሁ። ስኮርት ጎማዬስ? ቀጭኑ ነው፣ ለካሁት አላውቅም።

ደጋና ቆላ

ቀጭኑ ስኮርት ብዙውን ጊዜ 60 ፒኤስአይ ነው፣ 4.2 ባር። ጎኑ ላይ ተጽፏል፣ አንብበው። በትንሽ ሲጋራ ላይተር የሚሠራ ኮምፕሬሰር 60 ለማድረስ ረጅም ጊዜ ይፈጃል፣ ስለዚህ መንገድ ሳትወጣ ሙላው። በሦስት ወር አንዴ ከአራቱ ጋር አብረህ ለካው። ከ80 ኪሎሜትር በሰዓት በላይ አትንዳበት፣ የፊት ጎማ ከሆነ የተበሳው፣ ከኋላ አንዱን ወደ ፊት አምጥተህ ስኮርቱን ከኋላ ግጠመው።

ልክ በልኩ

ጌጅ ስትገዛ ጣሪያው 60 ወይም ከዚያ በላይ የሚያነብ ይሁን፣ እስከ 50 ብቻ የሚለካው ለስኮርቱ አይሆንህም። 200 ድረስ የሚሄደው የጭነት መኪና ጌጅ ደግሞ 32 ላይ ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ አታነበውም።